የአንድ ሴንቲ ትርፍ

እትዬ መቀስ "ሒሳብ አልችልም" የምትለው አፏን ሞልታ ነው፤ ሰው የደም ዓይነቱን እንደሚናገር፣ ሳታፍርም ሳትኮራም። "ስድስተኛ ክፍል ላይ ተኳርፈን ተለያየን፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም" ትላለች። ይህን የምትለው ደግሞ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ከስድስት ሜትር ውስጥ አምስት የተማሪ ኮት እንዴት እንደሚወጣ በዓይኗ ብቻ እያካፈለች ነው። ሌላ ልብስ ሰፊ ከዚያው ጨርቅ አራት ካወጣ እሰየው ነው። እሷ ግን "ይሄ ሒሳብ አይደለም፣ መቁረጥ ነው" ባይ ናት። ብዙ ሰው ተከራክሯት ደክሞት ትቷታል።

ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሃያ ስድስቱን ያሳለፈችው የአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ስትሰፋ ነው። ክፍሏ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ቀጥላ ያለችው ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሞላባቸው የማርማላታ ጠርሙሶች፣ መስኮቱ ሥር የተደረደሩ የጨርቅ ጥቅሎች አሉ። መሐል ላይ ደግሞ ክፍሉን ሊሞላ ትንሽ የቀረው የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ አሥራ ስድስት ሰው በዙሪያው ያስቀምጣል። ነገሩ ሁሉ የመጣው በዚህ ጠረጴዛ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ወደ ትምህርት ቤቱ ተዛወረች። ልክ የመለሰውንም የተሳሳተውንም እኩል "ለምን?" እያለች ስለምታፋጥጥ፣ ተማሪዎቹ ሳምንት ሳይሞላት ቲቸር ለምን ብለው ስም አወጡላት። ቲቸር ለምን አንድ ቀን እትዬ መቀስ በር ላይ ቆማ ጠረጴዛውን ስታየው ቆየችና፣ "እትዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይሄን ጠረጴዛ ያውሱኛል?" አለች።

"ምን ልትቆርጪበት ነው?"

"ምንም። ሰው ላስቀምጥበት ነው። ክፍል ውስጥ ፊትና ኋላ አለ። ፊት ያለው ይመልሳል፣ ኋላ ያለው የፊተኛውን ማጅራት ሲያይ ይውላል። ይሄ ጠረጴዛ ግን ኋላ የለውም።"

እትዬ መቀስ ጠረጴዛዋን ከዚያ በፊት እንደዚያ አስባው አታውቅም። ክሮቿ እንዳይነኩ አስጠንቅቃ ፈቀደች።

የቅዳሜ ሒሳብ እንዲህ ተጀመረ። መግቢያ ፈተና የለውም፤ የመጣ ይቀመጣል። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣውም መጣ፣ ክፍል የደገመውም መጣ። ስለሚንተባተብ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ተናግሮ የማያውቅ ልጅ፣ ከሌላ አገር መጥታ ቋንቋውን ገና የምትለማመድ ልጅ መጡ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደግሞ ሁለት ቅዳሜ በር ላይ ቆሞ አዳመጠና በሦስተኛው ወንበር ሳበ። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር። "ይሄማ ቀላል ነው" ብሎ ያመለጠው ሰው ወለሉ ላይ ያለውን ብጥስጣሽ ክር ሁሉ ለቅሞ ይጥላል። አንደኛ የሚወጣው ልጅ በመጀመሪያው ወር ወገቡ እስኪቆረጥ ለቀመ። እትዬ መቀስ ለዚህ ሕግ ያላት ፍቅር ልዩ ነበር።

እሷ ጥግ ላይ መኪናዋ ሥር ተቀምጣ ትሰፋለች እንጂ ወደ ጠረጴዛው አትቀርብም። ጆሮዋ ግን እዚያው ነው፤ ስፌት ጆሮ አይፈልግም።

በሁለተኛው ዓመት የጎሚስታው ልጅ መጣች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ከተወለደች ጀምሮ አታይም። አባቷ መንገድ ዳር ጎማ ይለጥፋል። የጎማው ቀዳዳ አልገኝ ሲለው የሚጠራው እሷን ነው፤ ጉንጯን አስጠግታ የአየሩን ሽውታ ፈልጋ ታገኝለታለች። ጽሑፉን በብሬል ታነባለች፣ ስሌቱን በጭንቅላቷ ትይዛለች። "በሥዕሉ ላይ እንደሚታየው" የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ትጠብቃለች።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ የእትዬ መቀስ አንጀት አልችል አለ። ከጅንስ ትርፍራፊ አንድ ሦስት ማዕዘን ቆረጠች፣ ጠርዙን አጠፈች፣ ሸራ ላይ በመኪና ሰፋችውና ልጅቷ እጅ ሥር አደረገችው። ልጅቷ ሦስቱንም ጎን በጣቷ ዞረች።

"ይሄ ነው እንዴ ይህን ያህል የሚያወሩለት?" አለች።

ከዚያ ወዲያ ሥራው መልክ ያዘ። ቲቸር ለምን ቅርጹን በወረቀት ታወጣለች፣ እትዬ መቀስ ጅንሱን ቆርጣ አጥፋ ትሰፋለች፣ ልጅቷ በየሴንቲው በጣት የሚዳሰስ ነጥብ ባለበት ማስመሪያዋ ትለካለች። ቆይቶ ዘበኛው ራሱ "በእጅ ሲያዝ ይሻላል" ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ መለካት ጀመረ፤ የሚዳሰስ ነጥብ ያለበት ማስመሪያ ካልተሠራልኝ ብሎም አስቸገረ። ልኬት ላይ ክርክር ሲነሳ የመጨረሻውን ቃል የምትሰጠው የጎሚስታው ልጅ ሆነች።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ለሳይንስ አዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ልትቀመጥ ወሰነች። ማለፊያው ከመቶ ሰማንያ ነው። ቲቸር ለምን ሥዕሎቹን እትዬ መቀስ በጅንስ ትሥራላት ብላ ለፈተና ጽሕፈት ቤቱ ጻፈች። "ያልተማረች ልብስ ሰፊ ፈተና ውስጥ ምን ትሠራለች?" የሚል መልስ መጣ። ቲቸር ለምን ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ ደጅ ጠንታ፣ ተጨቃጭቃ አስፈቀደች። እትዬ መቀስ በፈተናው ጠዋት በተቆለፈ ክፍል ውስጥ፣ ተቆጣጣሪ አጠገቧ ቆሞ፣ ሥዕሎቹን አይታ ትሠራለች ተባለ። የስፌት መኪና ግን ጩኸቱ ተፈታኞችን ስለሚረብሽ አይገባም፤ በስፌት ፋንታ ማስቲሽ ተሰጣት።

የዚያን ዕለት እጇ እንደ ወትሮው ሠራ። ዘጠኝ ቅርጽ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቆርጣ፣ ካርቶን ላይ ለጥፋ አስረከበች። ስትወጣ ደስ ብሏት ነበር።

ውጤቱ ከአንድ ወር በኋላ መጣ፦ ሰባ አራት። ቲቸር ለምን ይግባኝ አለች። መልሱ በትልቅ ፖስታ ሆኖ አንድ አርብ ደረሰ፤ ቅርጾቹም አብረው ተመልሰው ነበር። ልጅቷ የሳተቻቸው ጥያቄዎች ከነመልሷ ተዘርዝረዋል። ከዝርዝሩ ሥር እንዲህ ይላል፦ "ተፈታኟ በማስላት ጥሩ ብትሆንም መለካት አትችልም። ወደፊት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከልኬት ጥያቄ ነፃ ቢደረጉ ይመረጣል።" ለእትዬ መቀስ ደግሞ ምስጋና ነበረበት። ሥራዋ ጥራት ያለው ሆኖ ስለተገኘ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለሌሎች አራት ትምህርት ቤቶችም እንድታዘጋጅ ታስቧል።

ቲቸር ለምን ደብዳቤውን ጮክ ብላ ለእትዬ መቀስ አነበበችላት። "መለካት አትችልም ይላሉ፤ እሷን" አለች። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ፣ ደወል ስለተደወለ ወደ ክፍሏ ሄደች።

እትዬ መቀስ ብቻዋን ቀረች። ቅርጾቹን አወጣች። ከላይ ያለው አራት ማዕዘን ነበር። ሌላ ሰው ቢያየው አራት ማዕዘን ነው የሚያየው። ልብስ ሰፊ ግን መጀመሪያ የሚያየው ጠርዝ ነው። ጠርዙ አልታጠፈም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊ መስመሩ ላይ አይቆርጥም። ከመስመሩ አንድ ሴንቲ ወጣ ብሎ ይቆርጣል፤ ያ ትርፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ስፌት ውስጥ ሲገባ ልብሱ ልኩን ይይዛል። መስመሩ ላይ የቆረጠ ጀማሪ ልብሱ ለባለቤቱ መሆኑ ይቀርና ለባለቤቱ ታናሽ ወንድም ይሆናል። ሠላሳ ዓመት መቀስ የያዘ እጅ ይህን የሚያደርገው ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርዙ ታጥፎ ስለሚሰፋ ልኩ ልክ ነበር። በፈተናው ጠዋት ግን እጇ እንደ ልማዱ ትርፉን ትቶ ቆረጠ፤ መኪና ስለሌለ አልሰፋችም፣ ስላልሰፋች አላጠፈችም። ትርፉ እንዳለ ተለጠፈ።

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካች። አሥራ አራት በስምንት። የፈተናው ወረቀት ላይ የነበረው አሥራ ሁለት በስድስት ነው፤ የደንበኛ ወገብ እንደማትረሳ ይህንንም አልረሳችም። ረጅሙ ጎን የአጭሩ ስንት እጥፍ ነው ይላል ጥያቄው። መልሱ ሁለት ነው። ልጅቷ የመለሰችው አንድ ከሦስት አራተኛ ነው። አሥራ አራትን ለስምንት ማካፈል ለእትዬ መቀስ ቀላል አልነበረም፤ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ሞካከረችው። አንድ ከሦስት አራተኛ መጣ።

የጻፈችውን በእጅጌዋ ጠርጋ አጠፋችው።

ወዲያው ተነስታ ሄዳ ተናገረች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልተናገረችም። ቅርጾቹን ፖስታው ውስጥ መልሳ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ ሸጎጠችው። ምክንያት አላጣችም። ቲቸር ለምን በእሷ የተነሳ ትዋረዳለች። "ያልተማረች" ያሉት ሰዎች ልክ ነበሩ ይባላል። የቅዳሜ ሒሳብ ይዘጋል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ከሁሉ ሥር የነበረው ግን ሌላ ነው፦ አልችልም ስትል የኖረችው እየቀለደች ነበር፣ አሁን ቀልዱ እውነት ሆኖ ፊቷ ቆመ። ፈራች፣ አፈረችም።

በማግስቱ ቅዳሜ ልጅቷ አልመጣችም፤ እትዬ መቀስም እፎይ አለች። እፎይ ማለቷን ራሷ ስትሰማ ግን ራሷን ጠላች። በዚያ ሳምንት የአንድ ኮት እጅጌ ሁለት ጊዜ ገልብጣ ሰፋች፤ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርታ አታውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ መጣች። ማስመሪያዋን ግን አልያዘችም። አንድ አምስት ማዕዘን በየእጁ እየዞረ እሷ ጋ ሲደርስ፣ ሳትነካው ወደሚንተባተበው ልጅ ገፋችው።

"አንተ ለካልኝ" አለችው።

"አ... አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትለኪልን?"

"ነበርኩ። ጣቶቼ ይሳሳታሉ።" ድምፅዋ ውስጥ ለቅሶ አልነበረም፤ ወሬ እንደሚነግር ሰው ነበር የምታወራው። "የፈተናው ዕለት ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ። ሦስቱም ጊዜ ያው ነው የመጣው። እርግጠኛ ሆኜ ነው የተሳሳትኩት። ከእንግዲህ ልክ ስሆን በምን አውቃለሁ? ትናንት አባቴ ቀዳዳ ፈልጊልኝ ሲለኝ፣ ውኃ ውስጥ ንከረው አልኩት።"

የእትዬ መቀስ እግር ከመኪናው ፔዳል ላይ ተነሳ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያሳጣቻት የትምህርት ቤት ቦታ ብቻ መስሏት ነበር። እጇንም እንደወሰደችባት አሁን ገባት። ተነስታ ፖስታውን ከጥቅሎቹ ኋላ አወጣች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእነሱ ጋር ጠረጴዛው ዙሪያ ቦታ ያዘች።

"ጣቶችሽ አልተሳሳቱም" አለች። "የተሳሳተው የኔ እጅ ነው።"

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ትርፉን፣ ማስቲሹን፣ አሥራ አራቱንና ስምንቱን። ቲቸር ለምን አፏን ልትከፍት ስትል ልጅቷ እጇን ዘረጋች።

"ማስመሪያ ስጡኝ።"

ዘበኛው የራሱን አቀበላት። ልጅቷ አራት ማዕዘኑን ለካች። አሥራ አራት፣ ስምንት። ከዚያ ጠርዙን በጥፍሯ ዳበሰች፤ የተበጣጠሰው የጅንስ ክር ተነካካ።

"እጥፋት የለውም" አለች። "ይሄን ያን ዕለትም ነክቼዋለሁ። ማስቲሽ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት።" ጠርዙን አንድ ጊዜ ደግማ ዞረችው። "ልክ ነበርኩ ማለት ነው።"

"ልክ ነበርሽ፣ የኔ እናት።"

"መቼ አወቁ?"

"ፖስታው የመጣ ዕለት። ዛሬ ስምንት ቀኔ።"

"ስምንት ቀን ብዙ ነው፣ እትዬ።"

"ብዙ ነው" አለች እትዬ መቀስ። "ፈርቼ ነው። ይቅር በይኝ።"

ልጅቷ አራት ማዕዘኑን ወደ ጎን አደረገችው። ከዚያ "የቀሩትን ስጡኝ" ብላ ስምንቱንም ቅርጽ ወደራሷ ሰበሰበች፤ ይቅርታ ማድረጓን ያወቁት በዚህ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ እርሳስ አነሳ። ስትለካ ይጽፋሉ፣ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራሉ። ስለ ርዝመትና ስለ ስፋት የተጠየቁት አራቱ ጥያቄዎች ሁሉ ስህተት ተብለዋል፤ አራቱም ከጅንሱ ጋር ሲተያዩ ልክ ናቸው። የሦስት ማዕዘኑ ጥያቄዎች ግን ስለ ማዕዘን ነበሩና አንዱም አልተሳሳተም።

"ቅርጹ በሁሉም በኩል ካደገ ማዕዘኑ ለምን አልተለወጠም?" አለች ቲቸር ለምን። ልማዷ ነውና እዚህ መሐልም አላስቻላትም።

ማንም ሳይመልስ እትዬ መቀስ፣ "ከመስመሩ እኩል ርቄ አይደል የምቆርጠው" አለች። "ጠርዙ ከመስመሩ ጋር ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። ጎን ለጎን ከሄደ ማዕዘኑ በምን ይለወጣል?"

ቲቸር ለምን ጠመኔውን አቀበለቻት። እትዬ መቀስ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ማዕዘን ሳለች፣ በዙሪያው ትርፉን አወጣች፣ እንደገናም አስረዳች። ከሌላ አገር የመጣችው ልጅ "አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ" አለቻት፤ ደገመችላት።

ሰኞ ቲቸር ለምን፣ ልጅቷና እትዬ መቀስ የፈተና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ገቡ። ኃላፊው ቀጭን፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ኮቱ ልክክ ብሎ የተሰፋ። ሰምቶ ሲጨርስ እጁን ጠረጴዛው ላይ አጣጠፈ።

"እናቴ፣ አሁን መጥተው ቅርጹ ተሳስቷል ቢሉኝ በምን ላምን? ልጅቷን ለመርዳት ብለው እንደሆነስ?"

"ጌታዬ፣ የኮትዎን እጅጌ ጫፍ ገልበጥ ያድርጉልኝ።"

ኃላፊው ግራ ገብቶት ቲቸር ለምንን አየ። ከዚያ ገለበጠው። ሦስት ሴንቲ የሚሆን ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተቀምቅሟል።

"ይሄን የሰፋልዎ ሰው ጎበዝ ነው" አለች እትዬ መቀስ። "ከልክዎ አስረዝሞ ነው የቆረጠው። ሳያጥፈው ቢሰጥዎ ኖሮ እጅጌዎ ጣትዎን ይሸፍን ነበር። እኔ ለዚህች ልጅ የሰጠኋት ያልታጠፈ ኮት ነው።"

ኃላፊው ማስመሪያ አውጥቶ ቅርጾቹን አንድ በአንድ ራሱ ለካ። የልጅቷን መልሶች ከጎናቸው ጻፈ። ጊዜ ወሰደበት። ሲጨርስ ብዕሩን አስቀመጠ።

"ነጥብ ለመጨመር ሥልጣን የለኝም" አለ። "በልኬት ክፍሉ ግን በአዲስ ጥያቄ ድጋሚ እንድትፈተን ማድረግ እችላለሁ። ቅርጾቹን ሌላ ባለሙያ ይሠራቸዋል።"

እትዬ መቀስ አንገቷን ደፋች፤ የሚገባት መሰላት። የመለሰችው ልጅቷ ናት።

"ሌላ ባለሙያ የራሱን ስህተት ይዞ ይመጣል፣ ጌታዬ። የእትዬን ግን አውቀዋለሁ።"

"ተፈታኝ ባለሙያ አይመርጥም።"

"እሺ። ሌላ ሰው አለዎት?"

አልነበረውም። ሳቁን በሳል ሸፍኖ ቀኑን ቆረጠላቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እትዬ መቀስ ያው የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ገባች። ቅርጾቹ አምስት ነበሩ። የመጀመሪያውን ስትቆርጥ መቀሱ እንደገና ከመስመሩ ወጣ ብሎ ሄደ። አቆመች፣ ጨርቁን ጣለች፣ ሌላ ዘረጋች። መስመሩ ላይ መቁረጥ ለእሷ ሰው ፊት ጫማን አውልቆ እንደመቆም ነው፤ የሚሸፍን ትርፍ የለም፣ ከተሳሳተች ተሳሳተች ነው። መቀሱን በሁለት እጇ ያዘችው። ተቆጣጣሪው ውኃ ይምጣልዎት ወይ ብሎ ጠየቃት። አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባት።

ልጅቷ ማለፏን አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ አልፋለች፤ ሻንጣዋን አባቷ ተሸክሞላት አዳሪ ትምህርት ቤቱ ገብታለች። እትዬ መቀስ ስለዚያ ጊዜ ስትጠየቅ የምታወራው ግን ውጤቱን አይደለም። ፈተናው ያለቀበትን ሰዓት ነው።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጅቷ በዘንጓ ግድግዳውን እየነካካች መጣች፣ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ አራት ማዕዘኑን ሲቆርጡ እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር?"

"በምን አወቅሽ?"

"ጠርዙ ላይ አለ። ላይኛው ጎን፣ ከመሐሉ ትንሽ አለፍ ብሎ ይንቀጠቀጣል። ነካሁት።"

እትዬ መቀስ ወደ ልጅቷ ዞረች። "ተበላሸብሽ?"

"አይ፣ አልተበላሸም" አለች ልጅቷ። "አንድ ጊዜ ለካሁትና ጻፍኩት።"

"እንደ መጀመሪያው ፈተና ሦስት ጊዜ አይደለም? አንድ ጊዜ ብቻ?"

"አንድ ጊዜ ብቻ።"

እትዬ መቀስ እንባዋ መጣ። ልጅቷም እጇን ፈልጋ ያዘቻት፤ ቲቸር ለምን መጥታ እስክትጠራቸው ድረስ እንዲሁ ተቀመጡ።